ጓሳ የሚከፈትበትን ቀን ባለአገሩ ይወስን

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት የአካባቢና ደን ጥበቃ ባለሥልጣን
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አስተዳደርን ይመለከታል

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ተወላጅ ነኝ፤ ማንም አልወከለኝም፤ የምጽፈው በራሴ ስም ነው። ጓሳ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ፣ ማን ምን ያህል ሣር እንደሚያጭድ፣ ጥሶ የገባ ምን እንደሚቀጣ የመወሰኑ ሥልጣን በዙሪያው ባሉት ቀበሌዎች ጉባኤ እጅ እንዲጸና እጠይቃለሁ። ይህም በማያሻማ ቃል በመመሪያ ይጻፍልን።

እንደምታውቁት ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ድረስ ከፍ ያለ ውርጫማ አገር ነው። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ደግሞ በይፋት ቆላ አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሣሩ የጎጆ ክዳን ነው፤ ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛው በክረምት የሚደርበው ጌሳም ከእሱ ይሠራል። ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ማገዶ ነው። በልግ ሲከዳ፣ ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ የመንዝ በግ ነፍሱን የሚያተርፈው እዚያው ጓሳ ላይ ነው።

ይህንን ሀብት ያቆየው የቄሮ ሥርዓት ነው (የቅርብ ዓመታቱን ፖለቲካ የሚያስታውስ አንባቢ እንዳይሳሳት፤ የእኛው ቄሮ የመሬት ሕግ ነው)። ጅማሬው 17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። በአጽመ ርስት (ከአባት ከአያት በዘር በሚወረስ የመሬት መብት) የአስቦና የጌራ ተወላጆች ነን የሚሉ ወገኖች አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚሉትን አለቃ ራሳቸው ይመርጡ ነበር። እሱም ሣሩን አይቶ፣ ከተጠቃሚዎቹ ጋር መክሮ ሦስትም፣ አምስትም ዓመት ያዘጋው ነበር። ዕለቱ ሲደርስ አዋጁ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቤት ይነገር ነበር። የሚከፈተው በበጋው፣ በሁዳዴ ጾም አካባቢ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ገደማ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣ ነበር። ሣሩ የሚያድገው በዝናቡ ስለሆነ ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። የጥበቃው ተራ ደግሞ ለተጠቃሚው ሁሉ ይደርሰው ነበር፤ ለዚህ ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አጽመ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። አዋጁን ለመውቀስ አይደለም። በቄሮ ዘመን ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተቆጠረ ሰው በጓሳ ላይ መብት አልነበረውም፤ ሸማኔውና ቀጥቃጩ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረውም ውጪ ቆሞ ያይ ነበር። አዋጁ ያንን በር ከፈተ፤ ዳሩ ግን ጠባቂውን አንስቶ በምትኩ ሌላ አላቆመም። ጓሳን ከመራቆት ያዳነው ነዋሪው ነው። አባ ቄራው የለም ብሎ አልተወውም፤ በገበሬ ማኅበራቱ ውስጥ የጓሳ ኮሚቴ አቋቁሞ መዝጋትና መክፈቱን ቀጠለ። በኋላም ክልሉ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ደንብ ሥፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ እውቅና ሲሰጠው፣ እውቅና ያገኘው የቆየ ሥራ ነበር።

ለዚህ ምስክር ካስፈለገ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከመኖሪያዎቻቸው አንዱ ጓሳ ነው። እዚያው ጓሳ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ። ጭላዳው ሣር ይፈልጋል፣ ቀበሮው አይጥ ይፈልጋል፣ አይጡም ሣር ይፈልጋል፤ ሣሩን ደግሞ ያቆየው የሰው ሕግ ነው። የተፈጥሮ ጥበቃ ሲባል ሰውን አውጥቶ ማጠር የሚመስላቸው ባለሙያዎች ይህንን ሥፍራ ሄደው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ መንገዱ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ ቆየ፤ ከመዝገቡ እንዲወጣ ከተሠራው ሥራ አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረውን የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ማዛወር ነው። ዋሊያው ያስፈልገናል፣ አልከራከርም። ግን ልቀቅ የተባለ ገበሬ ከእንግዲህ ያንን ተራራ የሚያየው እንደ ባዕድ ነው፣ እሳት ቢነሳም የሚሮጠው እንደ ድሮው አይመስለኝም። ጓሳ ወደዚያ እንዲሄድ አልፈልግም። በተለይ ክልላችን አሁን ባለበት የጸጥታ ችግር፣ የመንግሥት ሠራተኛ በማይደርስበት ቀን ጓሳን የሚጠብቀው ነዋሪው ብቻ ነው። እሱም የሚጠብቀው የራሴ ነው ብሎ ሲያምን ነው።

ስጋቴ መሠረት አለው። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997 መንግሥት የመሬት ባለቤት በመሆኑ የወል ይዞታን እንዳስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊያዞር እንደሚችል ደንግጎ ነበር። "እንዳስፈላጊነቱ" የምትል ቃል በአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ስንቱን ግጦሽ እንደምታስቆርስ ገበሬው ያውቃል። ዛሬ አዋጁ በ1324/2016 ተተክቷል፤ ክልሉ ሕጉን ከዚያ ጋር ሲያጣጥም ጓሳን በስም ይጥቀስልን።

ስለዚህ የጓሳ የወል ይዞታ ማረጋገጫ በማኅበረሰቡ ስም ይሁን፤ ተሰጥቶ ከሆነም ግልባጩ በየቀበሌው ይለጠፍ። ለእርሻ፣ ለሎጅም ሆነ ለመንገድ ከጓሳ መሬት ሲጠየቅ ከጉባኤው ስምምነት በፊት ምንም ፈቃድ አይሰጥ። ከቱሪስት የሚገባው ገንዘብ ሒሳብ በየዓመቱ በጉባኤው ፊት ይነበብ። በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች መቀመጫ ይኑራቸው፤ ማገዶውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና ጨረንፌው ሲሳሳ መጀመሪያ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። የድሮውን የዘር ቆጠራ ማንም አይመልስብን፤ በዙሪያው የሚኖር ሁሉ የድርሻውን ይጠብቅ፣ የድርሻውን ያጭድ።

ቀጣዩ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ባለሙያ ልካችሁ ከጓሳ ኮሚቴ ጋር እንድትመክሩ፣ መልሳችሁንም ለእኔ ሳይሆን ለቀበሌዎቹ በጽሑፍ እንድታሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመንዝ ተወላጅ

ግልባጭ፦
ለክልሉ መሬት ቢሮ
ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን