የብሬከን ደረሰኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አውርሱንደን ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኗል፤ መኪናዬም በየማለዳው ካልለመንኳት አትነሣም።

ብዕር ያነሣሁት ባለፈው እሑድ በስልክ ያልሽኝ ነገር አላስተኛ ብሎኝ ነው። ኦስሎ ውስጥ አንድ ተማሪ የት እንዳደግሽ ቢጠይቅሽ የአጠገባችንን ከተማ ስም ጠርተሽ «ሮሮስ» ብለሽ መለስሽ። ለምን ብሬከን አላልሽም ብልሽ ደግሞ «እማዬ፣ ብሬከን እኮ ምንም አይደለም፤ ከተማ አይደለ፣ ኮሙኔ አይደለ» አልሽኝ። ስቄ አለፍኩት። ኮሙኔ ግን ነበር ልጄ፤ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ሊቀ መንበር ያለው፣ ግብር የሚሰበስብ የአካባቢ አስተዳደር፣ 38 ዓመት ሙሉ።

እኔም ቀድሜ ዐውቄው አይደለም። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ቤታቸው እየሄድኩ ከምረዳቸው አረጋውያን መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍልሽም፤ የሥራዬ ደንብ አይፈቅድም። ይህችን ታሪክ እንድነግርሽ ግን ፈቅደውልኛል። (እዚህ ኖርዌይ አንቱታ ቀርቷል፤ እኔ ግን በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው አንቺ ማለት በአማርኛ እጄ አይጽፍልኝም።) መድኃኒታቸውን እያቀረብኩ ለወሬ ያህል «የሮሮስ ሰው ነዎት?» አልኳቸው። የያዙትን ሲኒ አስቀመጡና «አይደለሁም፤ የብሬከን ነኝ» አሉ። ሮሮስ ከዚህ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። በምርኩዛቸው እየተደገፉ ሄደው ከመሳቢያ ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ።

ከቆርቆሮው የወጣው ብጫ የሆነ ወረቀት ነው፤ እጥፋቱ ላይ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። የአባታቸው የግብር ደረሰኝ፣ የ1951። ከላይ «ብሬከን ሄረድ» የሚል ታትሞበታል፤ ከታች የገንዘብ ያዡ ፊርማና ቀለሙ የፈሰሰ ክብ ማኅተም አለ። ሄረድ ያኔ የገጠር ኮሙኔ መጠሪያ ነበር። አሮጊቷ ጣታቸውን ማኅተሙ ላይ አድርገው ዝም አሉ። እኔም ቀጣዩ ቤት እየጠበቀኝ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን እያነበብኩ ነው። ዓመቶቹን እንደዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመዳብ ነው። በ1644 ሮሮስ አጠገብ መዳብ ተገኘ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ንጉሡ ለማዕድን ኩባንያው አንድ ትልቅ ክብ ሰጠው፤ ከአንድ የማዕድን ጉድጓድ ተነሥቶ ወደ ሁሉም አቅጣጫ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚደርስ። በዚያ ክብ ውስጥ ያለው ማዕድን፣ ደንና የወንዝ ውኃ የኩባንያው ሆነ፤ ገበሬውም በክፍያ እንጨትና ከሰል እንዲያቀርብ፣ ማዕድኑን እንዲያጓጉዝ ተገደደ። ብሬከን በዚያ ክብ ውስጥ ነች። በመስኮት ስታዪው ተራራው ሁሉ ራሰ በራ የሆነብሽ ከፍታውና ብርዱ ብቻ አይምሰልሽ፤ የማቅለጫዎቹ እሳት ለዘመናት ደን ሲበላ ኖሯል። በ1678 እና በ1679 የስዊድን ጦር መጥቶ ሮሮስን አቃጠለ፤ ሰዉ መልሶ ሠራት። ኩባንያው እስከ 1977 ኖሮ ከሰረና ተዘጋ፤ 333 ዓመት መሆኑ ነው።

ኮሙኔ የሚባለው አስተዳደር የመጣው በ1837 በወጣ ሕግ ነው። በሥራ ላይ የዋለው ከ1838 መባቻ ጀምሮ ሲሆን ሮሮስም ከነገጠሯ አንድ ኮሙኔ ሆነች። ከዚያ በኋላ መላው ኖርዌይ መከፋፈል ያዘ፤ መጀመሪያ 392 የነበሩት ኮሙኔዎች በ1930 747 ደረሱ። ሮሮስም በ1926 አራት ቦታ ተቆረሰች፦ ከተማዋ ለብቻ፣ በዙሪያዋ ያለው ገጠር ለብቻ፣ ግሎሞስ ለብቻ፣ ብሬከን ለብቻ። የብሬከን ሕዝብ አንድ ሺህ ያህል ነበር። እስቲ አስቢው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ሠርግ የሚጠራ ሰው ነው! ያ ሁሉ ትምህርት ቤት ማስተዳደር፣ ድኻ መደገፍ፣ ግብር መተመን በእነዚህ ገበሬዎች ጫንቃ ላይ ወደቀ። ለምን ፈለጉት ብትዪኝ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሌላ ሰው ባሰመረው ክብ ውስጥ የኖረ ሕዝብ አንድ ጊዜ ራሱ ማስመር አምሮት ነው። ይህ ግን የእኔ ግምት ነው፤ ለፈተና እንዳትጽፊው።

ከ38ቱ ዓመታት አምስቱ ደግሞ የጀርመን ወረራ ናቸው። ያኔ በመላ አገሪቱ የተመረጡት ምክር ቤቶች ሥልጣናቸውን ተነጠቁ፤ ሊቀ መንበሩም ከላይ የሚሾም ሆነ። የስዊድን ድንበር እዚሁ አጠገባችን ነው። በጦርነቱ ዘመን ወደ ስዊድን የተሰደዱት ኖርዌጃውያን 50,000 ያህል እንደነበሩ ሳነብ አሮጊቷን አሰብኩ። ከየት መጣሽ እንጂ ለምን መጣሽ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ፍጻሜው የመጣው ከኦስሎ ነው። በ1946 ኒኮላይ ሼይ በሚባል ሰው የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ትናንሽ ኮሙኔዎች ባለሙያ መቅጠር አልቻሉም፣ መንገድና መኪና መጥቷል፣ ዘጠኝ ዓመት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ደግሞ ብዙ ልጆች ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይቀላቀሉ። በ1958 744 የነበሩት በ1967 454 ሆኑ። የብሬከን ተራ የደረሰው በ1964 መባቻ ነው፤ አራቱም ተመልሰው አንድ ሮሮስ ሆኑ። የሼይ ሒሳብ ስሕተት ነው ማለት አልችልም። ደመወዜን የሚከፍለኝም ያው ትልቁ ኮሙኔ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ፤ ገበሬውን ብቻ አዝኜለት እንዳልቀር። ከክቡም ከሄረዱም በፊት እዚህ አጋዘን እየነዱ የሚኖሩ የደቡብ ሳሚ ሰዎች አሉ። በዚሁ በሐይቃችን ዙሪያ ባለው ግጦሽ በ1897 ከገበሬዎች ጋር ተሟግተው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረቱ። ልክ መቶ ዓመት ቆይቶ በ1997 ተከራከሩ፤ ዳግመኛ ተረቱ። በ2001 ሰልቡ በምትባል ሌላ ኮሙኔ በተነሣ ተመሳሳይ ክርክር ግን ሳሚዎቹ ረቱ። ከ2018 ጀምሮ ሮሮስ የሳሚ ቋንቋ አስተዳደር አካባቢ ውስጥ ገብታለች። ከአንቺ ጋር ስትማር የነበረችው ያቺ ልጅ አያቷ ስለ ድንበር ሲወራ ለምን ዝም እንደሚሉ አሁን ይገባኛል።

እኔ የተወለድኩበት ወሎ ክፍለ ሀገር መሆኑ ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ ዛሬ ሰሜን ደቡብ ተብሎ በዞን ተከፋፍሏል። አያትሽ የየት ሰው ነዎት ሲባሉ ዞን ሲጠሩ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ለሮሮስ የየካቲት ገበያ መምጣትሽን አትርሺ። ከስዊድን የሚመጡት በፈረስ የሚጎተቱ የበረዶ ጋሪዎች የሚገቡት ማክሰኞ ነው፤ አሮጊቷም መቼ ትመጣለች እያሉ ይጠይቁኛል። በርበሬሽን አዘጋጅቻለሁ።

የደረሰኙን ፎቶ ኮፒ ከደብዳቤው ጋር አያይዤልሻለሁ። ዋናውን ልላክላት ብላቸው እምቢ አሉ። «ኮሙኔው ከጠፋ ስድሳ ዓመት አለፈው እኮ፤ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው። ሃራም የምትባለው ኮሙኔ ከኦሌሱንድ ጋር ተቀላቅላ፣ በ2024 ተነጥላ እንደገና መቋቋሟን በሬዲዮ ሰምተዋል። ቆርቆሮውን ከድነው ወደ መሳቢያው መለሱና «ተመልሶ ቢመጣስ? አባቴ አልከፈለም እንዲሉኝ ነው?» አሉኝ።

እናትሽ