የእናቴን እግር በመርፌ አላስነካም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። እግር ላይ ስላለችው «ታይቾንግ» ስለምትባል የአኩፓንክቸር (በቀጫጭን መርፌ እየወጉ የማከም የቻይና ዘዴ) ነጥብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ያደግኩት ገጠር ነው። አባቴ ከእርሻ ሲገባ፣ እንግዳም ሲመጣ፣ ውሃ ሞቅ ተደርጎ እግሩ ይታጠባል፣ ይታሻል። ስለዚህ ነጥቧን ለማግኘት አልተቸገርኩም። በአውራ ጣትና ከሱ ቀጥሎ ባለው ጣት መሃል ተነስቶ ወደ ቁርጭምጭሚት ሽቅብ መዳሰስ ነው፤ ሁለቱ አጥንቶች ሊገጥሙ ሲሉ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፣ ጫን ሲሏት ትጠዘጥዛለች። ቻይናዎቹ በሰውነት ውስጥ ይዘረጋሉ ከሚሏቸው መስመሮች አንዱን የጉበት መስመር ይሉታል፣ እሷን ደግሞ የዚያ መስመር 3ኛ ነጥብ ይሏታል። ለራስ ምታት፣ ለማዞር፣ ለእንቅልፍ ማጣት፣ ለንዴት፣ ለወር አበባ ሕመም ይጠቀሙባታል። እኔም ማታ ማታ የእናቴን እግር ካጠብኩ በኋላ ትንሽ ጫን ጫን አደርግላታለሁ። ቀለል አለኝ ትላለች። የደም ግፊት ኪኒኗን ግን አንድም ቀን አላስቀረሁባትም።

የዘለላችሁት የመርፌውን አደጋ ነው። እዚህ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ ኖሮ ዝሆኔ የያዘው ስንት ሰው አለ! ባበጠ እግር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ለጀርም በር ናት። ስኳር ያለበት ሰውም እንደዚያው ነው፤ እግሩ ስለሚደነዝዝ ቁስሉ ሳይታወቀው ይመረቅዛል። ስኳር ያለባቸው ጎረቤታችን የሆኑ እናት አሉ፣ አንድ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ለመደንዘዝ ፍቱን ነው ብሎ እግራቸውን ወጋቸው፤ መርፌውን ከየት እንዳወጣው፣ ከሳቸው በፊት ማንን እንደወጋበት የጠየቀው የለም፣ ቁስሉ ሳይሽር ክረምቱ አለፈ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። በአንድ መርፌ ሁለት ሰው መውጋት እኮ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪን ከሰው ወደ ሰው ማዞር ነው። በወጉ የሚሠራ ባለሙያ መርፌውን ከነማሸጊያው አምጥቶ እፊታችሁ ይከፍታል፣ አንዴ ተጠቅሞ ይጥላል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የቻይናን አኩፓንክቸር በቅርስነት መዝግቧል፣ እሱን ጽፋችኋል፣ ደግ ነው። ለመንደር ወጊ ግን ፈቃድ አይሆንም።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ማን መወጋት እንደሌለበት ጻፉ። ለዝሆኔ ደግሞ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ እንደሚረዳ ከሥዕል ጋር አውጡልን፤ ማንበብ ለማይችሉት እኔ ገበያ ይዤው እወጣለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ