ውድድሩ ተመልሷል፣ ሰፈሩ ግን ገና ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን ሁሌም እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ ነው የማነሣው። ባለፈው እትም በስፖርት ገጻችሁ ላይ ስለ ኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል የመኪና ውድድር የጻፋችሁትን ሳይ ገርሞኝ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ለሐበሻ ስፖርት ማለት ኳስና ሩጫ ነው። ስለ መኪና እሽቅድድም በአማርኛ መጻፋችሁ በራሱ ያስመሰግናችኋል። ልጄ ግን አንድ ነገር ካላሳረምሽልኝ ብሎ ይዞኛል። ጃፓናዊው ነጂ ታኩማ ሳቶ ባለፈው ዓመት፣ በ2020፣ ያሸነፈው ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም፤ በ2017ም አሸንፏል። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቁጠሩልኝ።)

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ጽሑፋችሁ መጨረሻው ላይ ዘንድሮ፣ በ2021፣ ተመልካች ስለሚገባ አካባቢው ያጣውን ገቢ መልሶ ሊያገኝ ነው ይላል። እኔ የምኖረው ከመወዳደሪያው ሜዳ አጥር ማዶ፣ ከጆርጅታውን መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። እዚህ ሆኖ ለሚያየው ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

ለማያውቀው አንባቢ ልንገረው። ሜዳው ያለው ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ሳይሆን ስፒድዌይ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ኢንዲያናፖሊስ ዙሪያዋን ከብባታለች እንጂ ስፒድዌይ የራሷ ፖሊስ፣ የራሷ ትምህርት ቤት አላት። ሕዝቧ 14 ሺሕ ቢሞላ ነው። በደህናው ጊዜ በውድድሩ ቀን 300 ሺሕ ያህል ሰው ይመጣባታል። ይህ ሁሉ ሰው መኪናውን የት ያቁመው? የሜዳው ፓርኪንግ ሲሞላ ወደ እኛ ሣር ይመጣል።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ገመድ ይወጥራሉ፣ ካርቶን ላይ ዋጋ ይጽፋሉ። እሑድ ገና ሳይነጋ አንዱ መንገድ ዳር ቆሞ ባንዲራ ያወዛውዛል። የእኛ ግቢ ተጠጋግቶ አሥራ አምስት መኪና ይይዛል። ዋናው ጥበብ ደርዳሪው ላይ ነው። ቶሎ እሄዳለሁ የሚለውን ከፊት፣ ማታ ድረስ ቢራውን እየጠጣ የሚቆየውን ከኋላ ማድረግ አለብህ። ፒክአፕ ጥግ ይያዝ። ይህን ያበላሸ ማታ ጠብ ሲገላግል ያመሻል። ባለቤቴ በአዲስ አበባ ሚኒባስ ተራ ያደገ ሰው ስለሆነ በዚህ አይታማም።

ጎረቤታችን ቲሸርት ይሸጣል። ማዶ ያሉት ሴትዮ በረዶና ውሃ። አንዱ ያሳማ ሥጋ ጠፍጥፎ በዳቦ ዱቄት ጠብሶ ሳንድዊች ያደርጋል። እሱ የኢንዲያና ዝነኛ ምግብ ነው። እኛ ቤት አይገባም እንጂ ሽታው አጥር አያግደውም። ግርግር ለሌባ ያመቻል ይባላል። ለእኛ ሰፈር ግን ግርግር እንጀራ ነው። እኛ ቤት የዓመቱ የቤት ኢንሹራንስ የሚከፈለው ከዚያ ከአንድ ቀን ገንዘብ ነበር።

ከዚያ 2020 ከነኮሮናው መጣ። ውድድሩ በተለመደው ጊዜ፣ ሜይ 24 ሊካሄድ ነበር። ማርች ላይ ወደ ኦገስት 23 ተዛወረ ተባለ። እሺ አልን። ሐምሌን ተሻግረን ነሐሴ ላይ ነገሩ ይበርዳል ብለን። ጁን መጨረሻ ላይ የተመልካቹ ግማሽ ብቻ ይገባል ተባለ። ጁላይ ላይ ሩብ ሆነ። ኦገስት 4 ደግሞ ማንም አይገባም። ከ1911 ጀምሮ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ምክንያት ሳይካሄድ የቀረባቸው ዓመቶች አሉ። ተካሂዶ ያለ ተመልካች የሆነው ግን ይኼ የመጀመሪያው ነው። ውሳኔው ስህተት ነበር አልልም። በዚያ ዓመት ለቅሶ በስልክ ደርሰናል፣ ቀብር በዙም አይተናል። ያንን ያየ ሰው ሦስት መቶ ሺሕ ሰው ይሰብሰብ ብሎ አይከራከርም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ውድድሩ ያለ ሰው መካሄድ የቻለው ቴሌቪዥንና ስፖንሰር ስለሚከፍሉት ነው። የሜዳው ባለቤት ሮጀር ፔንስኪ አልተጎዳም ለማለት አይደለም። ሜዳውን የተረከበው ጃንዋሪ 2020 ነው፤ በሁለት ወሩ ዓለም ተዘጋ። የሽልማቱም ገንዘብ ከ15 ሚሊዮን ወደ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ግድም ወርዷል። ቢሆንም መኪኖቹ ዞሩ፣ ዋንጫው ተሰጠ፣ ወተቱ ተጠጣ። (አሸናፊው ወተት ነው የሚጠጣው፤ ወጋቸው ነው።) ለእኛ ሣር ግን ስፖንሰር የለውም።

ጎረቤቴ ቲሸርቱን ያሳተመው ፌብሩዋሪ ላይ ነበር። ደረቱ ላይ «104ኛው፣ ሜይ 24፣ 2020» ይላል። ካርቶን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ተከምሮ ከረመ። ኦገስት ላይ የሚገርም ነገር ሆነ። ጥቂት የመጡት አፍቃሪዎች ትክክለኛው ቀን የተጻፈበትን ትተው የተሳሳተውን ገዙ። እንዲያውም ዋጋ ጨመረበት። አልጨረሰውም፤ የዘንድሮው አዲሱ ከጎኑ ተከምሯል።

የውድድሩ ቀን የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት ነበር። ቤታችን ዶሮ ወጥ ነበረ። ሜዳው በር ተዘግቶ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከኦሃዮ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ከች አሉ። ልጆቼ «አባባ ኦሃዮ» ነው የሚሏቸው። በየዓመቱ እኛ ጋ ነው መኪናቸውን የሚያቆሙት። ትኬታቸው ወደ 2021 ተዛውሮላቸዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአባታቸው ጋር እየመጡ ያዩት ውድድር ነው። «ካላየሁት እሰማዋለሁ» ብለው ሣሩ ላይ ወንበራቸውን ዘረጉ። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ጋራዡ በር ላይ አወጣላቸው። ራቅ ራቅ ብለን፣ ማስካችንን አድርገን ተቀመጥን።

የቴሌቪዥኑ ስርጭት በጥቂት ሴኮንድ ይዘገይ ነበር። ስለዚህ መኪኖቹ መጀመሪያ በጆሯችን ያልፋሉ፣ ከዚያ በቴሌቪዥኑ። ከሁለት መቶው ዙር መቶ ዘጠና አምስተኛው ገደማ ሲደርስ ሳቶና ስኮት ዲክሰን ተናንቀው ነበር። በድንገት የሞተሩ ጩኸት ወረደ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ገና በሙሉ ፍጥነት እየበረሩ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው «አንድ ሰው ግድግዳ መታ» አሉ። እውነትም ስፔንሰር ፒጎት ተጋጭቶ ኖሯል። ውድድሩ መቀዳደም በሚከለክለው በቢጫ ባንዲራ በቀስታ እየተነዳ አለቀ፤ ሳቶ አንደኛ፣ ዲክሰን ሁለተኛ። ሽማግሌው ተናደዱ። ቀይ ባንዲራ አውጥተው ውድድሩን አስቁመው፣ ሜዳውን ጠርገው፣ የቀሩትን ዙሮች በሙሉ ፍጥነት ማስጨረስ ነበረባቸው ባይ ናቸው። ዶሮው እስኪቀርብ አልበረዱም። እንጀራውን በእጃቸው ነው የበሉት፣ ሹካ አልጠየቁም።

የአፍቃሪው ነገር ይኼ ነው። መንገድ ፈልጎ ይመጣል። እኔ እሱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ አፍቃሪው ላይ የተንጠለጠለው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልምጣ። ሜይ 30 የሚገባው 135 ሺሕ ሰው ነው፤ ከሙሉው 40 በመቶ። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ አንድ ቦታ ላይ ይህን ያህል ሰው የሚሰበሰብበት ስፖርት የለም ይባላል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ነው ጋዜጣችሁም የተሸወደው። ግን የእኛ ገበያ የሚኖረው በሞላው ላይ ሳይሆን ሞልቶ በሚፈሰው ነው። የሜዳው ፓርኪንግ ሲሞላ ሣራችን ይፈለጋል። ሆቴሉ ሲሞላ የሰው ጓዳ ይከራያል። የምግብ ቤቱ ወረፋ ሲረዝም መንገድ ዳር ያለው ይሸጣል። ከመቶው ስልሳው የጎደለ ዕለት ሁሉም ሰው ውስጥ ቦታ ያገኛል። የሚፈስ ነገር የለም። ወረርሽኙ ሲመጣ መጀመሪያ የደረቅነው እኛ ነን፣ ሲሄድም መጨረሻ የምናገግመው እኛ ነን።

ሌላም አለ። ዘንድሮ ያለ ወንበር ቁጥር ሜዳው መሃል ሣር ላይ የሚገባው ሰው ትኬት አልተሸጠለትም። ወጣቶቹ የሚጨፍሩበት የሙዚቃ ድግስም የለም። ይህ ደግሞ ዋናው ደንበኛችን ነበር። ወጣቱ ሳያቅድ ይመጣል፣ በረዶ ረስቶ ይመጣል፣ ኮፍያ ጥሎ ሌላ ይገዛል፣ ማታ ጠጥቶ በኡበር ይሄዳል። ወንበር ያለው ሰው ግን የፓርኪንግ ፈቃዱን ከወር በፊት ገዝቷል፣ ምሳውን በኩለር ይዟል። ከእኛ ምን ይፈልጋል?

ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። በደህናው ጊዜ የውድድሩ ሰሞን ከኤርፖርት ወደ መሃል ከተማ፣ ከመሃል ከተማ ወደ ስፒድዌይ ሲመላለስ ቤት የሚገባው ለመተኛት ብቻ ነበር። ሜይ እንዲህ አልፎ ነው እኛ ጁንን የምንጀምረው። ባለፈው ዓመት መንገዱ ጭር ሲል በግላቸው ለሚሠሩ ሰዎች የተፈቀደው የፌዴራል የሥራ አጥ ድጎማ አቆየን። ባለፈው ሰኞ፣ ሜይ 17፣ 2021፣ ደግሞ ገዥያችን ኤሪክ ሆልኮምብ ይህ ድጎማ በኢንዲያና ጁን 19 ያበቃል አሉ። ሥራ አለ፣ ሰው ይግባበት ነው ምክንያቱ። መጋዘን ሥራ በርግጥ ሞልቷል። ባለቤቴ ግን ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ወገቡ ያመዋል።

በነገራችን ላይ ሜዳው ውስጥ ገብተናል። ክትባት የተከተብነው እዚያው ነው። ከመኪናችን ሳንወርድ፣ የውድድር መኪኖቹ በሚዘጋጁባቸው ጋራዦች አሳልፈው፣ በመስኮት ክንዳችንን አውጥተን ወጉን። ልጄ ፎቶ አንሡኝ ብሎ ሰልፉን አስቆመው። ሥራው በጣም የተደራጀ ነበር፣ ምስጋና ይገባቸዋል። በእነዚያ ሳምንቶች በሰፈራችን ያለፈውን መኪና ብዛት ብታዩ! አንዱም ግን ሣራችን ላይ አልቆመም።

አዘጋጅ ሆይ፣ ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስለ ገቢ ስትጽፉ ሆቴሉንና ሜዳውን ብቻ አትጠይቁ። ደረሰኝ የሌለውን ሰውም ጠይቁ። ሁለተኛው ይብሳል። ላፋዬት መንገድና 38ኛው ጎዳና አካባቢ ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን ዓመቱን በቴክአውት ነው የገፉት። ለምግብ ቤቶች የተመደበው 28.6 ቢሊዮን ዶላር የፌዴራል ድጎማ ማመልከቻው የተከፈተው ሜይ 3 ነው። እኔ የሰማሁት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጸበል ጻድቅ ላይ፣ ከሰው አፍ ነው። አንዷ ባለ ምግብ ቤት ወዳጄም ያኔ ነው የሰማችው፤ በማግስቱ ሒሳብ ሠራተኛ ፍለጋ ስትሮጥ ዋለች። እንዲህ ያለው ነገር ሲከፈት በአማርኛ፣ በፊት ገጽ፣ ገንዘቡ ሳያልቅ አውጡልን። የዋንጫው ነገር ሁለተኛ ገጽ ላይ ቢሆን ማንም አይቀየማችሁም።

ከቺካጎ፣ ከኮለምበስ ወይም ከሉዊቪል ለመምጣት ያሰባችሁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ የሜዳውን ፓርኪንግ ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈሩን ሰው አስቡ። በሩ የሚከፈተው ጠዋት 12 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ዘግይቶ የመጣ መንገዱ ይዘጋበታል። ማስክ ዘንድሮ ግዴታ ነው። የጆሮ መድፈኛ ለልጆች አትርሱ። አባባ ኦሃዮም ይመጣሉ፤ ወንበራቸው ዘንድሮ ከለመዱት ቦታ ተቀይሮባቸው ካሁኑ እያጉረመረሙ ነው። በረንዳው ላይ ቡና አለ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ዋጋው ሠላሳ ዶላር ነው፣ ለሐበሻ ሃያ አምስት።

አክባሪያችሁ
ከስፒድዌይ፣ ኢንዲያና
ግንቦት 12 ቀን 2013 ዓ.ም.