አባባ፣ «ኮሌጅ ገብታለች» ሲሉ ድምፅዎን ዝቅ አያድርጉ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ደጀን

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሁድ ስደውል ጎረቤታችን መምህሩ እቤት ነበሩ። «ልጅዎ እዚያ ምን እየሠራች ነው?» ብለው ሲጠይቁዎ ሰማሁ። እርስዎም «ኮሌጅ ነገር ገብታለች» አሉ። ድምፅዎ ዝቅ አለ። ወዲያው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመራችሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። አልተቀየምኩም። በደንብ ያላስረዳሁዎ እኔ ነኝ። በስልክ ደግሞ መስመሩ ይቆራረጣል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልዎ ወሰንኩ።

በእኛ አገር ኮሌጅ ሲባል ለዩኒቨርሲቲ ውጤት ያልመጣለት ልጅ የሚገባበት ነው የሚመስለው። እዚህ አሜሪካ ነገሩ ሌላ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የአራት ዓመቱን ዲግሪ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት የሚያስተምር የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። አሜሪካኖች ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት በምትባል ከተማ የመጀመሪያውን የከፈቱት በ1901 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኔው፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ከ1946 ጀምሮ አለ። እዚያ የምህንድስናን መሠረት እጨርስና ወደ ዩኒቨርሲቲ እዛወራለሁ። ትራንስፈር ይሉታል። ያሰብኩት ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዲግሪው ላይ የሚጻፈውም ያስመረቀኝ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። በኮሌጅ በኩል መጥታለች የሚል ነገር አይጻፍበትም።

ደግሞ ስድስት ኪሎን ያስታውሱ። ያ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በ1950 በፈረንጅ ሲጀመር ስሙ «ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ» ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተባለው ከ11 ዓመት በኋላ ነው።

ለምን መጀመሪያውኑ ዩኒቨርሲቲ አልገባሽም ይሉኛል። አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። በአውራጃችን ለሚኖር ሰው የኮሌጁ ክፍያ ከዩኒቨርሲቲው ግማሽ ገደማ ነው። ፔል ግራንት የሚባል የመንግሥት እርዳታም አለ። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። በ2024 ለሙሉ ዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርስ ነበር። አንድ ሰው በዕድሜው በጠቅላላ የሚያገኘው ግን ለ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሴሚስተር አይባክንም።

ትልቁ ምክንያት ግን ሒሳብ ነው። እኔ እኮ 12ኛን የጨረስኩት በሶሻል ነው። ፊዚክስን ከተውኩ ስንት ዓመቴ! የምደባ ፈተና ስወስድ ካልኩለስ የሚባለውን፣ ምህንድስና የሚቆምበትን ከፍተኛ ሒሳብ፣ ለመጀመር አልበቃሁም። ከሱ በፊት ያለው ፕሪካልኩለስ ደረሰኝ። ኮሌጁ ከዚያ ያስጀምርሃል። የዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ክፍል ግን ለካልኩለስ ዝግጁ ሆነህ እንድትመጣ ይጠብቃል።

አባባ፣ ይሄን ነገር ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ግማሽ ዓመት አይባክንብኝም ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ጓደኞቼ «ቀላል ቀላሉን ውሰጂ፣ አጠቃላዮቹን፣ ሁሉም ተማሪ የሚወስዳቸውን፣ ጨርሺ፣ ከባዱ በኋላ ይደርሳል» አሉኝ። እኔም ታሪክ፣ ንግግር፣ ሳይኮሎጂ ወሰድኩ። ውጤቴ ጥሩ ነበር። ደስ ብሎኝም ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ምህንድስና ሰንሰለት ነው። ፕሪካልኩለስ ሳይጨርሱ ካልኩለስ አንድ አይገባም። ካልኩለስ አንድ ከሌለ ሁለት የለም። ካልኩለስ ከሌለ ፊዚክሱ አይከፈትም። ከዚያ ካልኩለስ ሦስት አለ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን አለ፣ ዳይናሚክስ አለ። አንዱን ቀለበት ያዘገየ ሰው ሁሉንም ያዘገያል። አጠቃላዮቹን ቀድሞ የጨረሰ ደግሞ መጨረሻ ላይ ከባድ ከባዱ ብቻ ይቀረዋል፣ የሚያሳርፍ ትምህርት አጠገቡ የለም። አሁን ለሚጀምሩ ልጆች ሁሉ የምነግረው ይሄንን ነው፤ ሒሳቡን በመጀመሪያው ቀን ያዙ።

ሌላም አለ። ክሬዲቱ፣ ማለትም ለጨረስኩት ኮርስ የሚያዝልኝ ነጥብ፣ ተዛወረ ማለት ለዲግሪው ተቆጠረ ማለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ኮርሱን ተቀብሎ በምህንድስናው ዝርዝር ውስጥ ላያስገባው ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ አርትሲስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። የኮሌጁ ኮርስ በዩኒቨርሲቲው የትኛው እንደሚሆን እሱ ላይ ይታያል። አሁን ያንን ሳላይ አንድም ኮርስ አልመዘገብም። መግባቱም በራሱ እርግጠኛ አይደለም። ለምህንድስናው የካልኩለስ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ነጥብ ይታያል። ስለዚህ እየተማርኩም እየተፈተንኩም ነው።

ውሎዬን ልንገርዎ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ትምህርቴ ሮክቪል። ሁለቱም አንድ የባቡር መስመር ላይ ናቸው። መስመሩ ግን እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ ነው። ዋሽንግተን መሀል ድረስ ወርዶ በሌላ ጎን ተመልሶ ይወጣል። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቤት ውስጥ ልጅ፣ ስልክ፣ ጎረቤት አለ። ባቡሩ ውስጥ ግን ማንም አይጠራኝም። ካልኩለስን ያጠናሁት አብዛኛውን እዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት ቤት እየሄድኩ እረዳቸዋለሁ። ምግብ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። በእርስዎ ዕድሜ ናቸው። ጉልበታቸውን ስደግፍ የእርስዎ ጉልበት ትዝ ይለኛል። ይሄን ለሌላ ሰው ወላጅ እያደረግኩ ለእርስዎ አለማድረጌ ያመኛል። አልደብቅዎትም።

ዘንድሮ ስታቲክስ ጀምሬያለሁ። የማይንቀሳቀስ ነገር ትምህርት ነው፤ ድልድይ፣ ግድግዳ፣ ምሰሶ። ነገሩ ቆሞ እንዲቀር የሚገፉትና የሚስቡት ኃይሎች ሁሉ መመጣጠን አለባቸው። አንድ ቀን መምህሩ በገመድ የተንጠለጠለ ጭነት ሰሌዳ ላይ ሣለ። ገመዱ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ከወረደ የሚሸከመው የጭነቱን ክብደት ብቻ ነው። እየተጋደመ በሄደ ቁጥር የሚሸከመው ይበዛል። ሰሌዳውን እያየሁ ሐሳቤ ዓባይ በረሃ ወረደ።

ጃፓኖች አዲሱን ድልድይ ሲሠሩ እርስዎ ወስደው ያሳዩኝን ያስታውሳሉ? ልጅ ነበርኩ። ከድሮው ድልድይ ጎን ቆመን ነበር። «ገመዱ ለምን ከአጭር ምሰሶ ተነሣ?» ብዬ ጠየቅኩዎ። እርስዎም «እሱን መሐንዲሱ ያውቃል» አሉኝ። ስንት ዓመት አውራ ጎዳና ሠርተው፣ ለቀያሹ ስታፍ፣ ያንን የመለኪያ ዘንግ፣ ይዘው ያንን ተራራ ወጥተው ወርደው፣ መልሱ ሁልጊዜ «መሐንዲሱ ያውቃል» ነበር።

አባባ፣ አሁን ልመልስልዎ። ምሰሶው አጭር ስለሆነ ገመዶቹ ተጋድመዋል። የተጋደመ ገመድ ወለሉን ወደ ላይ ብቻ አይደለም የሚይዘው። በጎንም ይጨምቀዋል። ኮንክሪት ደግሞ ሲስቡት ይሰነጠቃል እንጂ ሲጨምቁት ብርቱ ነው። ስለዚህ ገመዶቹ የዚያን የ303 ሜትር ድልድይ ወለል እየደገፉም እያጠበቁም ነው የያዙት። ይሄንን ያስተማረኝ ያ ድምፅዎን ዝቅ ያደረጉበት ኮሌጅ ነው።

አንድ እውነት ደግሞ ልንገርዎ፣ እንዳይጠብቁኝ ሳይሆን አውቀው እንዲጠብቁኝ። ቶሎ አልጨርስም። እየሠራሁ ስለምማር ኮሌጁ ብቻ ሁለት ዓመት ገደማ ይቀረዋል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው አለ። በትንሹ አራት ዓመት በሉት። «ሳልሞት ልይሽ» ያሉኝን አልረሳሁም። ይሄን ቁጥር ስጽፍ እጄ ከብዶኛል። ግን አሳንሼ ብነግርዎ በየዓመቱ «ደረሰ?» እያሉ ይጨነቃሉ።

አንድ ሥራ ልስጥዎ። ለሚመጣው ሴሚስተር ስለ መንገድና ስለ ውሃ መውረጃ የምጽፈው ነገር አለ። እርስዎ «ውሃ መንገድ ካልሰጡት መንገድ ይበላል» ይሉ ነበር። ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወረድ፣ ክረምት ሲመጣ የትኛው ቦታ ነበር መጀመሪያ የሚናደው? ቦዩን በየት በኩል አስወጣችሁት? ቁልቁለቱ ላይ ድንጋዩን እንዴት ነበር የምትደረድሩት? እሁድ ስደውል ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። መምህሩም ካሉ አብረው ይስሙ።

ጉልበትዎን በብርድ አያስመቱ። ቤቱን ሁሉ ሳሙልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ