ለደንበኞቻችን፦ ፔዳሉ «ቋ ቋ» ሲል

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ስረግጠው ቋ ቋ ይላል» ተብሎ ፒያሳ ወዳለው ሱቃችን የሚመጣ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ አንድ ብሎን በጊዜው ሳይጠብቅለት ቀርቶ ክራንኩን፣ ማለትም የፔዳሉን ክንድ፣ ያጣ ነው። ስለዚህ ነገሩ ክንድ እስከ መቀየር ሳይደርስ እንድትቀድሙት ይህን ጻፍንላችሁ።

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለዩ። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፉና ሁለቱን ክንዶች በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ፍሬሙና ወደ ውጭ ነቅንቁ። አንዱ ብቻ ከተነቃነቀ ሁለቱን ክንዶች ከሚያገናኘው ዘንግ ላይ ላልቷል ማለት ነው። ሁለቱም አብረው ከተነቃነቁ ችግሩ የመሃል ኩሽኔታው ነው። ክንዱ ጸንቶ ፔዳሉ ብቻ ከተወዛወዘ ደግሞ የፔዳሉ የራሱ ኩሽኔታ ነው፤ እሱ ቀላል ነው።

በጣም የሚያሳስበን የመጀመሪያው ነው። እኛ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ብስክሌቶች የዘንጋቸው ጫፍ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል። ዘንጉ ጠንካራ ብረት ነው፣ ክንዱ ግን ብዙ ጊዜ አልሙኒየም። ክንዱን የሚይዘው በብሎኑ ተገፍቶ አራቱም ፊት በደንብ መግጠሙ ነው። ብሎኑ ትንሽ ላልቶ ሳለ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅቡን ቆማችሁ ስትረግጡ፣ ክብደታችሁ በየርግጫው አልሙኒየሙን ይደፈጥጠዋል። ማዕዘኑ እየተበላ ቀዳዳው ወደ ክብነት ይጠጋል። ከዚያ ወዲያ ብሎኑን ምንም ብታጠብቁት ጠዋት የጠበቀው ማታ ይላላል።

ጣሳ ቆርጦ በክንዱና በዘንጉ መሃል መጠቅለል ለሁለት ቀን ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ከዘንጉ ጋር መበየድ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፦ ሙቀቱ ግራሶውን ያቃጥለዋል፣ ክንዱም ሁለተኛ አይወጣም። ሁለቱንም አንሠራም። የተበላው ክንድ ብቻ ይቀየራል፤ ዘንጉ ደህና ከሆነ ሌላውን አትግዙ። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከክንዱ ጀርባ ተቀርጿል፣ 165፣ 170 ወይም 175 ሚሊ ሜትር። ከሌላኛው ጋር እኩል ይሁን።

ክንዱ የሚወጣው በመዶሻ ሳይሆን 22 ሚሊ ሜትር ጥርስ ባለው መንቀያ ነው። ብሎኑና ዋሸሩ ሁለቱም ከወጡ በኋላ መንቀያውን እስከ መጨረሻው በእጅ አስገቡ፤ በግማሽ ይዞ ከተጎተተ የክንዱን ጥርስ ይዞት ይወጣል። አዲሱን ስትገጥሙ የዘንጉን ጫፍ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ ብሎኑን በ14 ቁልፍ ወይም በ8 አለን (ባለ ስድስት ጎን) ቁልፍ አጥብቁ። ልኩ 37 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ 25 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ አንዴ ፈትሹት።

የግራው ፔዳል ጥርሱ ግልብጥ ነው፦ ለመፍታት እንደ ሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። የቀኙን ግራ ላይ በግድ ያስገባ ሰው አዲሱን ክንድ በዚያው ቀን ያበላሸዋል።

ክንዱ ከዘንጉ ጋር በሽብልቅ የሚያያዝ የድሮ ብስክሌት ያላችሁ፣ ሁለቱ ሽብልቆች በተቃራኒ አቅጣጫ ይገባሉ፤ ያለዚያ ክንዶቹ ቀጥ ብለው አይገጥሙም። ሽብልቁ በመዶሻ ተመትቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው ዳዶው የሚጠብቀው፤ በዳዶ ብቻ ከተሳበ ጥርሱ ይላጣል። ስትመቱ ከክንዱ ሥር ብረት ደግፉ፣ አለበለዚያ ምቱን የሚቀበሉት የኩሽኔታው ኳሶች ናቸው።

ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የፊት ጥርስ በተመለከተ፣ ጫፎቹ እንደ ማጭድ ወደ አንድ ጎን ከጎበጡ አልቋል። ቀድሞ የሚያልቀው ግን ሰንሰለቱ ነው። ወጥራችሁ በማስመሪያ ለኩት፤ ከአንድ ፒን መሃል ጀምራችሁ 24 ክፍተት ስትቆጥሩ የሚገኘው ፒን መሃል በአዲስ ሰንሰለት 30.48 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል። 30.7 ሲደርስ ቀይሩ። 30.8 ካለፈ የኋላ ጥርሱንም ይዞ ሄዷል፣ ወጪውም ያኔ ይበዛል።

ክንዱ የላላ ብስክሌት ካላችሁ እየገፋችሁ አምጡት እንጂ አትንዱት። የወለቀ ብሎን ወይም ዋሸር ካለም አብራችሁ ያዙ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ