የጓሮ አትክልት ክበብ፦ ውርጩ ከመታን በኋላ

በመስከረም ክበባችን ሲመዘገብ 34 ልጆች ነበሩን። አብዛኞቹ የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ምን እንትከል ብዬ ስጠይቃቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቲማቲም!» አሉ። ለምን አይሉ? ቀይ ነው፣ በእጅ ይቀጠፋል፣ እዚያው ይበላል። እኔም ደስ ብሎኝ ተስማማሁ።

ደብረ ብርሃን የምትኖሩ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷችኋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ቲማቲም ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ሙቀት የሚወድ ተክል ነው። ይህን አውቅ ነበር። ውርጩ ሳይበረታ ችግኙ ይጠነክራል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ተሳስቻለሁ።

መደቦቹን ያወጣነው ከድንጋይ አጥሩ ሥር ጀምረን ነው። አምስት መደብ፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር በ4 ሜትር። 4ኛ ክፍሎች በሒሳብ ስፋት እየተማሩ ስለነበር ልኬቱን ለእነሱ ተውኩት። ካሬ ሜትር ምን እንደሆነ በሰሌዳ ላይ ሦስት ጊዜ አስረድቼው ያልገባው ልጅ ነበር። ሲባጎ ይዞ መደቡን ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ቆም ብሎ «ቲቸር፣ ለካ አራት ትንንሽ መደብ ነው!» አለኝ። ዶማው ከቁመቱ ይበልጥ ነበር፣ ግን እምቢ አለ፣ ቆፈረ።

በጥቅምት መጨረሻ ችግኞቹን ወደ መደብ አዛመትናቸው። ለየልጁ አንድ አንድ ደረሰ። ስማቸውን በእንጨት ላይ ጽፈው ሰኩ። ውሃ በሃይላንድ እያመላለሱ አጠጡ።

በኅዳር አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ሣሩ ላይ አመዳይ ተኝቷል። ቲማቲሙ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ነበር። ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ግንዱ ታጥፏል። ደወል እስኪደወል ግማሽ ሰዓት ቀርቷል።

ያኔ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ሮጬ ችግኝ ገዝቼ፣ ልጆቹ ሳይደርሱ ልተክል ነበር። ልባቸው እንዳይሰበር። ኪሴን ዳበስኩ ሁሉ። ከዚያ ተውኩት። ያን ባደርግ የሚያምር መደብ ያያሉ፤ ስለ ውርጭ ግን ምንም ሳያውቁ ያልፋሉ። የደረሰባቸውን መሸከም እንደሚችሉም አያውቁም።

ልጆቹ መጡ። አለቀሱ። አንዱ የዕለቱን ውሃ አጠጪ «አንተ ነህ የገደልካቸው!» ብሎ ተናነቀው። ለያየኋቸው። አልመከርኳቸውም፤ በዚያ ሰዓት ምክር የሚሰማ ጆሮ የለም። «የሞቱትንና ያልሞቱትን ቁጠሩ» ብቻ አልኳቸው።

ከ34ቱ 30ው ሞተዋል። አራቱ ተርፈዋል። አራቱም አጥሩ ሥር ያሉት ናቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ጥያቄው መጣ፦ ለምን እነዚህ?

ከዚህ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት በመምህርነት ዘመኔ ከማልረሳቸው ነው። ትምህርት ቤቱ ካሉት ሁለት ቴርሞሜትሮች አንዱን ሜዳው ላይ፣ አንዱን ከጭድ ሥር አስቀመጥን። ንጋት ላይ ማን ያነባል? ልጆቹ ራሳቸው የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ሄደው ለመኑ። እሳቸውም በየማለዳው 12 ሰዓት በባትሪ እያዩ በቁራጭ ወረቀት ጻፉላቸው። አንድ ማለዳ ሜዳው ከዜሮ በታች 2፣ ከጭዱ ሥር ደግሞ ከዜሮ በላይ 3 ሆኖ ተገኘ። ያን ወረቀት ልጆቹ እየተቀባበሉ አነበቡት።

አንዲት ልጅ አያቷን ጠይቃ መጣች። «ሰማዩ ጥርት ካለ ሌሊቱን ፍሩ፣ ደመና ካለ ተኙ» ብለዋታል። ይህን ይዘን ክፍል ገባን። ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና እንደ ጋቢ ይሸፍናታል። ጭዱም እንደዚያው ነው። የድንጋይ አጥሩ ደግሞ ፀሐይ ሲሞቅ ውሎ ሌሊት ለጎረቤቶቹ ያካፍላል። ቅጠል ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ቅጠሉን ከውስጥ ይጎዳዋል፤ የጠቆረው ለዚያ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ባነብላቸው ስንቶቹ ይይዙት ነበር?

ልጅ መቆም ሲለማመድ «ወፌ ቆመች» እንላለን። ይወድቃል፣ እንስቃለን፣ እናጨበጭባለን፣ ደግሞ ይነሳል። ያው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን የወደቀው ሁሉ ቀይ ኤክስ ይደረግበታል። እኔም አድርጌያለሁ። ስለዚህ የክበባችን ደብተር ላይ ውጤት አይጻፍም። ሦስት ጥያቄ ብቻ አለ፦ ምን ሆነ? ለምን ይመስለናል? ቀጥሎ ምን እንሞክር?

በታኅሣሥ ብርድ የሚችሉትን ተከልን፦ ሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርቱን ራሱን እየፈለቀቁ፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርገው ቀበሩት። ጭድ ከየቤቱ በማዳበሪያ ከረጢት መጣ። ማታ ማታ ለማልበስ ተራ ወጣ። ጎመኑ ያዘ። ካሮቱ በቀለ፣ ግን በደንብ ስላላሳሳነው ቀጫጫ ሆኖ ቀረ።

ቲማቲሙንም አልተዉትም። በጥር የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ዘርተው ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ደረደሩት። በመጋቢት አጥሩ ሥር አዛመቱት። በሚያዝያ በረዶ ወርዶ ግማሹን ሰባበረው። በዚያን ቀን ያለቀሰ አልነበረም። ደወሉ ሳይደወል ሁለቱ ደብተሩን ይዘው «ምን ሆነ?» የሚለው ላይ እየጻፉ አገኘኋቸው። የተሰበረውን በእንጨት ደገፉ፣ የማይድነውን ነቀሉ።

ስለ አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ ልጨምር። ሒሳብ ስትሳሳት ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ ትፈገፍግ ነበር። አንዳንዴም ደብተሯን ዘግታ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ትደፋለች። በግንቦት ደብተሯን ሳርም የተሳሳተችውን በአንድ መስመር ሰርዛ፣ ከሥሩ እንደገና ሠርታው አገኘሁ። ዳር ላይ በትንንሽ ፊደል «ለምን ይመስለኛል፦ መዋስ ረስቼ» ብላለች። ክበቡ ነው ያመጣው ብዬ አልምልም። ግን ቃሉን ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ።

በወላጆች ቀን ጎመኑን በእስር ሸጥን፤ በገንዘቡ ሁለት ውሃ ማጠጫና አንድ መኮትኮቻ ገዛን። ቲማቲሙ በሰኔ መጀመሪያ ቀላ፤ 11 ፍሬ ነበር። በቢላ ቆራርጠን፣ ጨው ነስንሰን፣ ለ34 ልጅና ለጥበቃው አዳረስን። ለየሰው አንዲት ቁራሽ ደረሰች።

ነጭ ሽንኩርቱ መሣሪያ ቤት ተሰቅሎ እየደረቀ ነው፤ ዘሩ ለመስከረም ይቀመጣል። ክረምቱን መደቦቹን የሚያርሙ አራት በቅርብ የሚኖሩ ልጆች ስማቸውን አስመዝግበዋል። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው። ደብተሩም እዚያው አለ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ለአዲስ አባላት የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ቲማቲም በጥቅምት ሜዳ ላይ አትትከሉ። ከተከላችሁ ግን ማታ ጭድ አልብሱት፣ ጠዋት ቁጠሩ።»