ይድረስ ለወንድምዓለም፦ ስለ አሌክስና ስለ ተመልካቾቹ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታዬ በዛ። ኔትወርኩን ሰበብ ላደርግ አልኩና ከተመለሰ ሰነባብቷል፤ ስለዚህ ይቅር በለኝ ብዬ ልለፈው።

መልእክትህ ደርሶኛል። እዚያ ባሕር ዳር ለወጣቶቹ «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» የተባለውን ፊልም ልታሳይ ነው፤ «ሰው ተቆጥቶ ቢወጣስ?» ብለህ ጠይቀሃል። ይወጣል። ግን የት ላይ እንደሚወጣና ለምን እንደሚቆጣ አስቀድመህ ካወቅህ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ነገሩ ከመጽሐፉ ይጀምራል። አንቶኒ በርጀስ ልቦለዱን ያሳተመው በፈረንጆች 1962 ነው፤ ስታንሊ ኩብሪክ በ1971 ፊልም አደረገው። በመካከል የተጣለውን ካልያዝክ የተመልካቹ ጠብ አይገባህም። መጽሐፉ ላይ ባለታሪኩ አሌክስ፣ የዱርዬዎች አለቃ የሆነው ልጅ፣ ሲጀምር 15 ዓመቱ ነው፤ ፊልሙ ላይ የሚጫወተው ማልኮም ማክዶዌል ሃያዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። መጽሐፉ ላይ ከሙዚቃ ሸክላ መሸጫው ይዟቸው የሚሄደው ሁለቱ ልጆች አሥር ዓመት ያህላቸው ሕፃናት ናቸው፤ አስክሮ ይደፍራቸዋል። ፊልሙ ላይ በፈቃዳቸው የሄዱ ወጣት ሴቶች ሆነዋል፤ ትዕይንቱም በፍጥነት ተሽከርክሮ በሳቅ ያልፋል። አሌክስ የሚገድላት ባለ ድመቷ ሴት መጽሐፉ ላይ አሮጊት ናት፤ ፊልሙ ላይ ምላሷም ጉልበቷም የማይናቅ ሴት ናት። መጽሐፉ ላይ እስር ቤት ውስጥ ደብድቦ የሚገድለው እስረኛማ ፊልሙ ላይ ጭራሽ የለም። ቁጠር እንግዲህ። ኩብሪክ ጭካኔ አበዛ የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን የሚያስቆጣው የቀነሰው ነው። የአሌክስ ወንጀል በቀለለ ቁጥር ተመልካቹ ሳያውቀው ወደ እሱ ያደላል። አሌክስም «ወንድሞቼ» እያለ በራሱ አፍ ይተርክልናል፤ ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ የሌሎቹን ፊት ያጣምማል፤ ዱላው ከሮሲኒ ሙዚቃ ጋር እንደ ጭፈራ ይወርዳል። ሰው ሲወጣ «አጸያፊ ነው» ይልሃል። ውስጡ ያለው ግን «ለምን አሳቅኸኝ?» የሚል ንዴት ነው። አሜሪካዊቷ ሃያሲ ፖሊን ኬልም ያኔ ፊልሙን የወቀሰችው ከዚሁ ጎን ነበር።

ሌላው የተጣለ ነገር ትልቁ ነው። በርጀስ መጽሐፉን 21 ምዕራፍ ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ 21 ያኔ በእነሱ ዘንድ ሰው ለአቅመ አዳም የደረሰበት ዕድሜ ነበር። በመጨረሻው ምዕራፍ አሌክስ ማንም ሳያስገድደው ዱላው ይሰለቸዋል፤ ትዳርና ልጅ ያምረዋል። የአሜሪካው አሳታሚ ይህን ምዕራፍ ቆርጦ በ20 አወጣው፤ እዚያ የተመለሰው በ1986 ነው። ፊልሙ የሚያልቀው እንደ አሜሪካው እትም ነው፤ አሌክስ ወደ ድሮው ክፋቱ ተመልሶ ድኛለሁ ሲል። ስለዚህ መጽሐፉን ያነበበና ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ሲከራከሩ እያንዳንዱ የሚያወራው ስለ ሌላ አሌክስ ነው፤ አይግባቡም። ፊት ደግሞ ከአእምሮ አይጠፋም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ ያ ድምፅ እንደማይለቀው ሁሉ፣ ይህን ፊልም ያየም አሌክስን ያለ ማክዶዌል ዓይን ሊያነበው አይችልም።

«እንግሊዝ አገር መንግሥት አግዶታል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። አላገደም። የሳንሱር ቦርዱ ሳይቆርጥ ለአዋቂ አሳልፎታል፤ የከለከሉት አንዳንድ የከተማ ምክር ቤቶች ናቸው። ወጣቶች በፈጸሙት ወንጀል ፊልሙ ሲከሰስና በቤተሰቡ ላይ ዛቻ ሲመጣ ከእንግሊዝ ሲኒማ ያስወጣው ራሱ ኩብሪክ ነው። እሱ በ1999 እስኪሞት ድረስ እንደወጣ ቆይቶ በ2000 ተመለሰ።

ወደ አዳራሹ ልምጣ። ደህናው ቅጂ 136 ደቂቃ ነው። 131 ቢልህ አትደንግጥ፤ በሰከንድ 24 የነበረው ሥዕል ለቴሌቪዥን 25 ሆኖ ስለሚሮጥ ነው እንጂ የተቆረጠ ነገር የለም። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ተቀንሷል፤ ተወው። ሥዕሉ በግራና በቀኝ ጥቁር ጠርዝ ቢኖረው ለመሙላት ብለህ አትለጥጠው፤ ሌንሱ ያጣመመው ፊት ላይ ሌላ ማጣመም ትጨምራለህ። ድምፁን የምትለካው ሙዚቃው ላይ ነው። ንግግሩ ዝቅ ይላል፤ ለሱ ብለህ ከፍ ካደረግኸው ቤትሆቨን ሲመጣ አዳራሹ ይናወጣል። ተኩስ የሰማ ጆሮ በበዛበት አገር ይህን ቸል አትበል።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምር፤ ሲያልቅ ለውይይት ጊዜ ይተርፋል። በሁዳዴ ግን አታሳይ፤ ፊልሙ ገና ሲከፈት ወተት ቤት ነውና ሰው ከጭካኔው ይልቅ ወተቱን ይዞ ይሄዳል።

መግቢያው ላይ አምስት ደቂቃ ተናገር። አስገድዶ መድፈር እንዳለበት፣ እሱም ገና 15 ደቂቃ ሳይሞላ፣ ታሪኩ ውስጥ ባለ አንድ ጸሐፊ ቤት እንደሚመጣ በግልጽ አማርኛ ተናገር፤ «ከበድ ያለ ትዕይንት» ብለህ አታድበስብስ። በሩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ረድፍ ባዶ ተው፤ መውጣት የፈለገ የሰው ጉልበት እየረገጠ መውጣት የለበትም። ከ18 ዓመት በታች አታስገባ። የሚወጣው በብዛት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው፤ የፊልሙ ጥያቄ ግን የሚመጣው አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሐኪሞች የታሰረውን አሌክስን ከክፋቱ ሊፈውሱት ብለው እየወጉ፣ የዓይኑን ቆብ በብረት ገትረው፣ ክፉ ባሰበ ቁጥር እንዲያቅለሸልሸው ሲያደርጉት። የእስር ቤቱ ቄስ የሚቃወመው ይህንን ነው፤ መምረጥ የተነሣው ሰው መልካም ሊባል አይችልም ብሎ። የወጣው ሰው ይህን ሳይሰማ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄውን አስቀድመህ በመግቢያው ንገረው፤ ታሪኩ አይበላሽም።

ቋንቋው ደግሞ ያደናግራል። ልጆቹ የሚያወሩት ከሩሲያኛ የተቀዳ የሠፈር አፍ ነው። «ድሩግ» ጓደኛ፣ «ሞሎኮ» ወተት፣ «ጉሊቨር» ጭንቅላት፣ «ሆረርሾው» ጥሩ፣ «ዴቮችካ» ልጃገረድ። አሥር ያህል ቃል በወረቀት አባዝተህ አድል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው ወረቀት እያነበበ ሥዕሉ ያልፈዋል። በደርግ ጊዜ ራሺያ የተማረ ሰው ካገኘህ ጥራው፣ ያለ ወረቀት ይገባዋል። በአራዳ ቋንቋ ልተርጉም ብለህ እንዳትሞክር፤ አሌክስ የፒያሳ ልጅ ይሆንብሃል።

ርእሱን ለቅኔ ተማሪዎቹ ንገራቸው። ላዩ ብርቱካን («ኦሬንጅ»)፣ ውስጡ የሚሞላ ሰዓት መዘውር («ክሎክወርክ»)። በርጀስ ማላያ አስተምሯልና «ኦራንግ» በማላይኛ ሰው ማለት መሆኑን ያውቃል። ዋሸራ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ኅብር ነው ብሎ እጁን ያጨበጭባል።

ሲያልቅ መብራቱን ቶሎ አታብራ። «ወደዳችሁት?» ብለህም አትጠይቅ፤ መልሱ አዎ ወይ አይ ነው፣ ውይይቱ እዚያው ይሞታል። ቁራጭ ወረቀት አድልና ስም ሳይጻፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመለስ፦ «ለአሌክስ ያዘንክለት የቱ ላይ ነው?» ከንግግር በፊት መጻፉ ግድ ነው፤ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የሱን ቃል ያነሣል እንጂ የራሱን አያወጣም። ወረቀቱን ከሰበሰብህ በኋላ 21ኛውን ምዕራፍ በቃልህ አሥር ደቂቃ ያህል ተርክላቸውና ያው ጥያቄ ድጋሚ ይጻፍ።

ሁለቱንም ቆጥረህ ላክልኝ። በተለይ መጀመሪያ «የትም አላዘንኩለትም» ብለው በሁለተኛው ስንቶቹ እንደቀየሩ።

ወንድምህ፣
ከደብረ ማርቆስ